ያለ ሩዝ ስለሚሠራ የማሌዢያ ቁርስ

ዛሬ በዚህ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ በሩቅ ምሥራቅ በማሌዢያ አገር ስለሚበላው ቁርስ ልንጽፍ አሰብን። «የፍርድ ቤት ጸሓፊ ስለ ወጥ ቤት ምን ያውቃል?» የሚል ሰው ቢኖር አንቀየመውም። ነገር ግን ይህን የምንጽፈው ከሰው ሰምተን አይደለም። በዐይናችን አይተን፤ በአፋችን ቀምሰን፤ በመጨረሻም በገዛ ራሳችን ችኮላ በአንዲት የተከበሩ እመቤት ላይ ባመጣነው ድንጋጤ የተማርነው ነው። ስለዚህ ምግቡንም ስሕተታችንንም ሳንደብቅ እንነግራለን።

የእኅታችን ልጅ ለትምህርት ወደ ማሌዢያ ሄዶ፤ ትምህርቱንም ከፈጸመ በኋላ በዋናው ከተማ በኩዋላ ሉምፑር ሥራ ይዞ ተቀምጧል። የሚኖረውም በአንዲት ባልቴት ቤት ክፍል ተከራይቶ ነው። እኛም ባለፈው ዓመት የዕረፍት ጊዜያችንን ወስደን ልንጠይቀው በሄድን ጊዜ በዚሁ ቤት ሁለት ሳምንት በእንግድነት ተቀመጥን። የቤቱ እመቤት ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ያለፈ የመላይ ተወላጅ ናቸው። የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ማክ ቺክ» ይላቸዋል፤ ትርጓሜውም በእኛ አነጋገር «አክስቴ» እንደ ማለት ነው። እኛም እንደ ሰፈሩ ልማድ ማክ ቺክ አልናቸው፤ የእኅታችንም ልጅ አስተርጓሚ ሆነን።

እኒህ እመቤት ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከ30 ዓመት በላይ፤ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው ናሲ ለማክ የሚባለውን ቁርስ እየሠሩ፤ በሙዝ ቅጠል እየቋጠሩ፤ በመንገድ ዳር ወደ ሥራ ለሚሄደው ሰው ሲሸጡ ኖረዋል። በዚህም ንግድ ሦስት ልጆች አሳድገው አስተምረዋል። ታናሺቱ ልጃቸው ዛሬ የተማሪ ቤት አስተማሪ ናት፤ ከእናቷም ጋራ ትኖራለች።

ናሲ ማለት የበሰለ ሩዝ ነው፤ ለማክ ማለትም ስብ ወይም ቅባት ነው። ስሙ እንደሚያመለክተው ሩዙ የሚበስለው በውኃ ብቻ ሳይሆን፤ ከኮኮናት ፍሬ ተፈቅፍቆ በተጨመቀ ነጭ ወተት ነው። በድስቱም ውስጥ ፓንዳን የሚባል መዓዛው ደስ የሚያሰኝ ረዥም ቅጠል ተቋጥሮ ይጨመራል። በሩዙ ዙሪያ አምስት ነገር ይቀርባል። ይኸውም ሳምባል የሚሉት እንደ ድልህ ያለ ቀይ በርበሬ፤ ኢካን ቢሊስ የምትባል ከትንሽ ጣት የማትበልጥ የደረቀች የባሕር ዓሣ በዘይት ተጠብሳ፤ የተቆላ ኦቾሎኒ፤ የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ እንቁላል፤ በስሱ የተቆረጠ ኪያርም ነው። እኛ ዳቦን በኮባ እንደምንጠቀልል፤ እነርሱም ይህን ሁሉ በሙዝ ቅጠል ጠቅልለው ሲሰጡ የቅጠሉ ሽታ ከሩዙ ትኩሳት ጋራ ይወጣል።

ይህ ምግብ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። ዊንስቴት የተባለው እንግሊዛዊ የቅኝ ግዛት ሹም በፈረንጅ ቁጥር በ1909 ዓመት ስለ መላይ ሕዝብ አኗኗር ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንሥቶታል። ማሌዢያ መላዮች፤ ቻይናዎች፤ ሕንዶችና ሌሎችም ነገዶች አብረው የሚኖሩባት አገር ስለ ሆነች በጥዋት በአንድ ቡና ቤት ሁሉም ይገናኛሉ። አንዱ ናሲ ለማኩን፤ ሁለተኛው ሮቲ ቻናይ የሚባለውን በቅባት እየተሳበ የሚዘረጋ ቂጣ ከምስር ወጥ ጋራ፤ ሦስተኛውም የተጠበሰ ዳቦ ካያ ከሚባለው ከኮኮናት ወተት፤ ከእንቁላልና ከስኳር ከሚሠራ ማርማላታ ጋራ ይዞ ይቀመጣል፤ አንዱም የሌላውን ሳይንቅ ይበላል። ስለዚህ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርትና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ በ2017 ዓመተ ምሕረት በኅዳር ወር፤ በፈረንጅ ቁጥር 2024፤ የማሌዢያን የቁርስ ሥርዓት በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ጽፎታል። ቁርስ በመዝገብ ተጽፎ ሲከበር ለእኛ ለመዝገብ ሰዎች እንግዳ ነገር ሆኖ አገኘነው።

ሻያቸውም ተህ ታሪክ ይባላል። የእኛ አንባቢ ታሪክ የሚለውን ቃል ሲሰማ የነገሥታትን መጽሐፍ ያስብ ይሆናል፤ በእነርሱ ቋንቋ ግን ታሪክ ማለት መሳብ ነው። ወፍራም ስኳራም የቆርቆሮ ወተት የገባበት ሻይ ከአንዱ ጽዋ ወደ ሌላው ከከፍታ እየተንቆረቆረ አረፋ እስኪያወጣ ድረስ ይሳባልና።

እንግዲህ ይህ ሁሉ መልካም ሆኖ ሳለ፤ ማክ ቺክን ከጥቂት ዓመት ወዲህ የስኳር በሽታ ያዛቸው። ይህም በሽታ በዚያ አገር የአንድ ቤት ኀዘን ብቻ አይደለም። የማሌዢያ መንግሥት በፈረንጅ ቁጥር በ2019 ዓመት ባደረገው የሕዝብ ጤና ምርመራ ከአዋቂዎች ከመቶው 18.3፤ በ2023 ደግሞ ከመቶው 15.6 የስኳር በሽታ እንዳለባቸው ተገኝቷል። ከስድስት አዋቂ አንዱ ያህል ማለት ነው። ወንበር ላይ ተቀምጠን በጽሕፈት ለምንውል ለእኛም ይህ ነገር ሩቅ አይደለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሩዝ፤ ዳቦ፤ ድንችና ይህን የመሰለው ሁሉ በሆድ ውስጥ ሲፈጭ ወደ ስኳር ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ቆሽት የሚባለው የሰውነት ክፍል ኢንሱሊን የተባለውን ፈሳሽ እያወጣ፤ ስኳሩ ከደም ወደ ሰውነት ሕዋሳት ገብቶ ኃይል እንዲሆን ያደርጋል። ኢንሱሊኑ ያነሰ ወይም ሰውነቱ አልታዘዝ ያለው እንደ ሆነ ግን ስኳሩ በደም ውስጥ ይከማችና ከብዙ ዓመት በኋላ ዐይንን፤ ኩላሊትን፤ ልብን፤ የእግርንም ጅማት ይጎዳል። በ100 ግራም የበሰለ ነጭ ሩዝ ውስጥ እንደዚህ ወደ ስኳር የሚለወጥ 28 ግራም ያህል ይገኛል። አንድ መልካም ጭልፋ ተሞልቶ ሲቀርብ 200 ግራም ስለሚሆን፤ ሩዙ ብቻ 56 ግራም ያህል ነው። በአንድ የሾርባ ማንኪያ ስኳራም የቆርቆሮ ወተትም ውስጥ ወደ 11 ግራም ስኳር አለ።

ስለዚህ ሐኪማቸው ነጭ ሩዝ እንዲተዉ አዘዙ። እኛም በገባን በመጀመሪያው ጥዋት ያየነው ይህ ነበረ፤ ማዕዱ ተዘርግቶ ሁላችን ስንቀመጥ፤ ማክ ቺክ ሩዙን ለየአንዳንዳችን በቅጠል ላይ ካቀረቡ በኋላ ከማዕዱ ርቀው፤ በወጥ ቤቱ በር አጠገብ በበርጩማ ተቀምጠው ስኳር በሌለው ሻይ ደረቅ ብስኩት ይበሉ ጀመር። ብስኩቱም የስንዴ ዱቄት ስለ ሆነ ወደ ስኳር ከመለወጥ የማይድን መሆኑን ከእኛ ማንም አላሰበም።

«ማክ ቺክ፤ ለምን ከእኛ ጋራ አይቀመጡም?» ብለን ብንጠይቃቸው፤

«ልጄ፤ ሠላሳ ዓመት ለሰው ስቋጥረው የኖርኩትን ምግብ እኔ ተከለከልኩ። እጄ እያቀረበ ዐይኔ እንዳያይ ብዬ ነው» አሉን።

ይህን ከሰማን በኋላ የቀረበልን ምግብ በጉሮሯችን ደኅና አልወረደም። በቤት ውስጥ ያለ ሕመምተኛ የሚጎዳው በበሽታው ብቻ ሳይሆን ከማዕድ በመለየቱም እንደ ሆነ የተረዳነው ያን ጊዜ ነው።

በማግሥቱ አስተማሪዪቱ ልጃቸው ከገበያ አንድ ትልቅ አበባ ጎመን ገዝታ መጣች። በብዙ አገር ሩዝ የቀነሱ ሰዎች አበባ ጎመንን እንደ ሩዝ ፍሬ አድቅቀው እንደሚበሉ ሰምታ ነበር። በ100 ግራም አበባ ጎመን ውስጥ ያለው 5 ግራም ብቻ ነው፤ ከዚያም 2 ግራም ያህሉ የማይፈጭ ጭረት ነው። እኛም እጅግ ደስ ብሎን «ይህ ነው መድኃኒቱ» እያልን አበረታታናት። እርሷም ጎመኑን አድቅቃ፤ ልክ እንደ ሩዝ በብዙ የኮኮናት ወተት ውስጥ ጨምራ፤ ክዳኑን ገጥማ ቀቀለችው። ሲከፈት ገንፎም አጥሚትም ያልሆነ ነገር ሆኖ ተገኘ። ማክ ቺክ በማንኪያ ጫፍ ቀመሱና ምንም ሳይናገሩ ክዳኑን መልሰው ገጠሙበት። እንዲህ ያለውን የእናቶች ዝምታ አንባቢዎቻችን የሚያውቁት ይመስለናል።

ነገር ግን የሙያ ሰው የተበላሸ ምግብ አይቶ ዝም ብሎ አይተኛም። በሦስተኛው ቀን ጎሕ ሲቀድ የሙቀጫ ድምፅ ሰምተን ብንነሣ ማክ ቺክ ራሳቸው እጅጌያቸውን ሰብስበው በወጥ ቤት ቆመው አገኘናቸው። ልጃቸውንም እንዲህ አሏት፤ «ሩዝ ውኃ ይጠጣል፤ ጎመን ግን ውኃ ይሰጣል። ሁለቱን በአንድ ሕግ ልታስተዳድሪ ፈልገሽ ነው የተበላሸብሽ»። በፍርድ ቤት ብዙ ዓመት አገልግለን ከዚህ የተሻለ ፍርድ እምብዛም አልሰማንም። አሠራራቸውንም አጠገባቸው ቆመን በማስታወሻ ደብተራችን ላይ ስለ ጻፍን፤ ለአራት ሰው የሚበቃውን ልክ እንደሚከተለው እንገልጻለን።

አስቀድሞ የሚሠራው ሳምባሉ ነው፤ ጊዜ የሚወስደው እርሱ ነውና። 15 ያህል የደረቀ ዛላ በርበሬ ፍሬው ተራግፎ በሙቅ ውኃ ይዘፈዘፋል። ከለሰለሰም በኋላ ከ6 ትናንሽ ቀይ ሽንኩርትና ከ3 ፍልቃቂ ነጭ ሽንኩርት ጋራ በሙቀጫ ይወቀጣል። በእነርሱ አገር በዚህ ላይ በላቻን የሚባል ከደቃቅ የባሕር ሽሪምፕ ተብላልቶ የሚሠራ ሽታው የበረታ ቅመም፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ያህል በእሳት ሞቆ ይጨመራል። ከዚያም በ4 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በዝግታ እሳት፤ እንዳያርር ሳይታክቱ እያማሰሉ፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይቁላላል። መብሰሉ የሚታወቀው ዘይቱ ከበርበሬው ተለይቶ ወደ ላይ ሲወጣ ነው። የእኛ እናቶች ለቁሌት የሚያዩትን ይህንኑ ምልክት መላዮችም ያውቁታል፤ ስሙንም «ዘይቱ ተሰበረ» ይሉታል። በመጨረሻም የሁመር ፍሬ በውኃ ተዘፍዝፎ ከተጨመቀው ጎምዛዛ ፈሳሽ 2 የሾርባ ማንኪያ፤ ጨውም በልኩ ይጨመርና ይወርዳል። በሌላ ጊዜ በዚህ ላይ ስኳር ይጨመራል፤ ማክ ቺክ ግን ስኳሩን ፈጽመው ተዉት። በስኳሩም ፋንታ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት በስሱ ቆርጠው ከድልሁ ጋራ ቀስ ብሎ እንዲበስል አደረጉ፤ ጣፋጭነቱንም ከዚያ አገኙት።

ሁለተኛ፤ 50 ግራም ያህል የደረቀው ዓሣ ጨው ስለሚበዛበት በውኃ ታጥቦ፤ በጨርቅ ደርቆ፤ ቀይ እስኪሆንና እስኪንኮሻኮሽ ድረስ በዘይት ይጠበሳል። ለአንድ ሰው አንድ እፍኝ የማይሞላ ኦቾሎኒ ይቆላል፤ 15 ግራም ይበቃል። አራት እንቁላል ውኃው ከፈላ በኋላ ለ9 ደቂቃ ይቀቀላል። ኪያሩም ይቆረጣል።

ሦስተኛ፤ አንድ ኪሎ ያህል የሚመዝነው አበባ ጎመን ግንዱ ተጥሎ፤ አበባው በመፈቅፈቂያ ተፈቅፍቆ ወይም በቢላዋ ተከትፎ የሩዝ ፍሬ ያህል ይደረጋል። ከዚያም በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ተቋጥሮ ውኃው እስኪወጣ ድረስ በብርቱ ይጠመዘዛል። መጥበሻው ያለ ዘይት ሲግል ጎመኑ ተበትኖበት፤ ሳይከደን፤ ለ5 ደቂቃ እየተማሰለ የቀረው እርጥበት እንዲተን ይደረጋል። ጎመኑ ደረቅ ሲል ብቻ 100 ሚሊ ሊትር ወፍራም የኮኮናት ወተት፤ የተቋጠረ የፓንዳን ቅጠል፤ አንድ ቁራጭ ዝንጅብል፤ የተቀጠቀጠ የጠጅ ሣር አንድ ዘለላና ጨው ይጨመርበታል። አሁንም ሳይከደን ወተቱ እስኪመጠጥ ድረስ 5 ደቂቃ ያህል ቢቆይ በቂ ነው። ክዳን ቢገጠምበት እንፋሎቱ ተመልሶ ውኃ ይሆንና ወደ ትናንቱ ገንፎ ያደርሰዋል። የፓንዳኑ ቅጠል በማይገኝበት አገር ዝንጅብሉና የጠጅ ሣሩ ይበቃሉ። የኮኮናቱ ወተት ከፍሬ የሚወጣ እንጂ የከብት ስላልሆነ፤ እንቁላሉ ቀርቶ፤ ዓሣና በላቻን የማይበላም ሰው እነዚህን ትቶ በጾም ቀን ሊበላው ይችላል።

ሻዩም ያለ ስኳርና ያለ ቆርቆሮ ወተት፤ በጥቂት ተራ ወተት ብቻ ተደርጎ፤ እንደ ልማዱ ከከፍታ ተስቦ አረፋ አወጣ። እንዲህ የተሠራው አንድ ሰሐን ሁሉ ተደምሮ ወደ ስኳር የሚለወጠው 20 ግራም ያህል ነው። በቀድሞው ሰሐን ግን ሩዙ ብቻውን ከዚህ እጥፍ በላይ ነበረ።

ምግቡ በሙዝ ቅጠል ላይ ሲቀርብ ማክ ቺክ በርጩማቸውን ትተው ከእኛ ጋራ በማዕዱ ተቀመጡ። አንድ ጊዜ ጎርሰው ዝም አሉ፤ ሁለተኛም ጎረሱ። ልጃቸው ፊታቸውን ታይ ነበርና «እንዴት ነው እናቴ?» ብትላቸው፤ «ይህ ናሲ ለማክ አይደለም» አሉ። ጥቂትም ቆይተው «ሳምባሉ ግን የእኔ ነው» ብለው ሰሐኑን ጨረሱት።

ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣታቸውን ወግተው ደማቸውን ለኩ። ማክ ቺክ የደማቸውን ልክ የሚጽፉበት ደብተር አላቸው፤ ቀኑና ሰዓቱ በሚገባ የተጻፈ ስለ ነበረ በሙያችን ወደድነው። ከእኛ መምጣት በፊት በአንድ የበዓል ቀን ሩዝ በልተው ከሁለት ሰዓት በኋላ የጻፉት 13.6 ይላል። በዚህ ቀን ግን 8.2 ሆነ። ይህ ሚሊሞል የሚባለው መለኪያ ነው፤ በእኛ አገር የተለመደውን ሚሊግራም ለማግኘት በ18 ቢባዛ የፊተኛው 245፤ የኋለኛው 148 ይሆናል። ለብዙ የስኳር ሕመምተኞች ከምግብ በኋላ ከ180 በታች እንዲሆን ሐኪሞች ስለሚፈልጉ በቤቱ ታላቅ ደስታ ሆነ።

ችኮላችን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እኛ በደስታ ተነሣሥተን «እንግዲያውስ በምሳም በራትም ሩዙ ይቅር፤ ብስኩቱም ይቅር» ብለን መከርን፤ ምክራችንም ተሰማ። መድኃኒታቸውን ግን ማንም አላነሣውም። ማክ ቺክ በየጥዋቱ የሚወስዱት ክኒን ቆሽትን እየቀሰቀሰ ኢንሱሊን የሚያስወጣ ዐይነት ነው፤ ልኩም የታዘዘው ሩዝ ለሚበላ ሰው ነበር። በሦስተኛው ቀን ከረፋዱ በአራት ሰዓት ገደማ በደጃፍ ልብስ ሲያሰጡ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ግንባራቸውም በላብ ተነከረ፤ የልጃቸውንም ስም ሊጠሩ ፈልገው የሌላ ሰው ስም ጠሩ። እኛ የአገሩ ሙቀት ነው ብለን ውኃ ልናቀርብ ስንል፤ የእኅታችን ልጅ ሮጦ መለኪያውን አመጣ፤ 3.1 አለ፤ ይህም 56 ሚሊግራም ነው። ከ70 በታች የሆነ ስኳር አደገኛ ነውና ወዲያው አንድ የሾርባ ማንኪያ ሙሉ ስኳር በውኃ በጥብጠው አጠጧቸው። 15 ደቂቃ ቆይተው ሲለኩ 4.4 ሆነ፤ ከዚያም ጥቂት ዳቦ በሉ። ማክ ቺክ እስኪረጋጉ ድረስ ያለፈው ጊዜ በሰዓት ትንሽ ሲሆን ለእኛ ግን ረዥም ነበር።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ሐኪማቸው ሄድን። ሐኪሙም ደብተሩን አይተው የምግቡን አሠራር አልነቀፉም፤ ነገር ግን «ምግቡን ስትቀንሱ ለምን አልነገራችሁኝም?» ብለው ጠየቁ። መልስ አልነበረንም። ክኒኑን በግማሽ ቀንሰው በየጥዋቱና ከምግብ በኋላ እንዲለኩ አዘዙ። በአገራችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እኛ ግን በሽታውን ሳይሆን መድኃኒቱን ከሐኪሙ ደብቀን ኖሯል ለማለት ይቻላል፤ የበላነውን አልነገርናቸውምና።

ክቡራን አንባቢዎቻችን ሆይ፤ ይህን ሁሉ የዘረዘርነው የሚከተለውን ለማለት ነው። ከቤተ ሰባችሁ አንዱ የስኳር ሕመምተኛ ቢሆንና ይህን ወይም ይህን የመሰለውን ምግብ ልታበስሉለት ብትወዱ፤ ከመጥበሻው አስቀድሞ ሐኪሙ ይጠየቅ። ኢንሱሊን በመርፌ የሚወስድ ወይም ቆሽትን የሚቀሰቅስ ክኒን የሚውጥ ሰው እህልን በድንገት ቢቀንስ በማክ ቺክ የደረሰው ሊደርስበት ይችላል። ስኳርን በሽንት የሚያስወጣውን ዐይነት ክኒን የሚወስድም ሰው እህልን እጅግ ቢቀንስ በደሙ ውስጥ አሲድ ሊከማችበት ስለሚችል እንዲሁ ይጠንቀቅ። ሜትፎርሚን የሚባለው ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የሚያወርደው ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ቢሆንም ሐኪምን መጠየቅ አይጎዳም። ነፍሰ ጡርና የኩላሊት ሕመምተኛም በገዛ ፈቃዳቸው እንዲህ ያለ ለውጥ አያድርጉ። የኮኮናት ወተትም ቅባቱ ብርቱ፤ የደረቀው ዓሣም ጨዋማ ስለ ሆነ፤ ልብና የደም ግፊት ያለበት ሰው ልኩን ይጠብቅ። ላብ፤ መንቀጥቀጥ፤ የቃል መሳሳት ሲታይም «ደክሞት ነው» ተብሎ አይታለፍ፤ ይለካ፤ መለኪያም ባይኖር ሕመምተኛው መዋጥ የሚችል እንደ ሆነ ስኳር በውኃ ይሰጠው። ልቡን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ በፍጥነት ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

ሁለተኛው ምክራችን ለቤት እመቤቶችና ለቤት አባቶች ነው። ሐኪም አንድን ምግብ ሲከለክል ሰውየውን ከማዕድ የከለከለው አይደለም። ልዩ ሰሐን ይዞ በወጥ ቤት በር እንዲቀመጥ ማድረግ በሽታውን እንደ ቅጣት ያስቆጥራል። ይልቁንም ማዕዱን በሙሉ እንደ ነበረ አቅርቦ፤ የሚጎዳውን አንዱን ነገር ብቻ መለወጥ፤ ቢቻልም ሁሉ ከእርሱ ጋራ አንድ ዐይነት መብላት ይሻላል። በማክ ቺክ ቤት እንቁላሉም፤ ኦቾሎኒውም፤ ዓሣውም፤ ኪያሩም፤ ቅጠሉም በየቦታቸው ነበሩ፤ የተነሣው ነጩ ክምር ብቻ ነው።

እኛ ወደ አገራችን ከተመለስን በኋላ የእኅታችን ልጅ በየጊዜው ወሬያቸውን ይጽፍልናል። ማክ ቺክ ዛሬ አበባ ጎመኑን በየቀኑ አይበሉም፤ በሳምንት ሦስት ወይም አራት ጥዋት ይበሉታል፤ በበዓል ቀንም በሐኪማቸው ፈቃድ ከእውነተኛው ሩዝ ሁለት ማንኪያ ይወስዳሉ። በርጩማው ወደ ጓሮ ወጥቶ የአበባ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል አሉን። የመጨረሻው ደብዳቤ እንደሚለውም አንዲት ጎረቤታቸው ይኸው በሽታ ይዟት ስለ ሳምባሉ ልትጠይቃቸው ብትመጣ፤ ማክ ቺክ በርበሬውን ከማሳየታቸው በፊት «የምትውጪውን ክኒን አምጪና አሳዪኝ» አሏት።